ከአምበር የመጣ ደጋን

(በዳግም መገናኛ በዓላችን በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታየ።)



መርሐ ግብሩ ላይ ከስሜ አጠገብ «ባህላዊ ዕደ ጥበብና ሳይንስ» ተብሎ ተጽፏል። አዘጋጆቹ ጨዋዎች ስለሆኑ ነው እንጂ እኔ የማወራው ስለ ደጋን ነው። ከእንጨት ተጠርቦ፣ አውታር ታስሮለት፣ ፍላጻ ስለሚያስፈነጥረው ደጋን። ምሳ በልታችሁ ስለመጣችሁ ቀመር አላበዛባችሁም፤ ግን የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ጭራሽ ያለ ቀመርም አትወጡም።

የማስተምረው አምበር ነው። ለማታውቋት፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን ስትሄዱ ሉማሜ ሳትደርሱ የምታልፏት የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት። አብዛኞቻችሁ በአውቶቡስ መስኮት አይታችኋታል። ወርዳችሁ ቡና የጠጣችሁ እጃችሁን አውጡ ብል ግን ከአንድ ጠረጴዛ ሰው አትበልጡም። (ሳቅ)

መጀመሪያ ስለ ቃሉ፣ ምክንያቱም ተማሪዎቼ ጋ የመጀመሪያው ክርክር የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ቀስት ስንል የምትወረወረውን ነው ወይስ የሚወረውረውን? ዛሬ ብዙው ሰው የምትወረወረዋን ቀጭን ነገር ቀስት ይላታል። በግዕዝ ግን ቀስት ማለት የሚታጠፈው ራሱ ነው። ማስረጃ ካስፈለገ ከዝናብ በኋላ ወደ ሰማይ ማየት ይበቃል፤ ቀስተ ደመና የተባለው ጎባጣው ነው እንጂ ቀጥ ያለ ነገር ደመና ውስጥ የለም። እኔ ለሚታጠፈው ደጋን፣ ለምትሄደው ፍላጻ እያልሁ እቀጥላለሁ። «ጠመንጃ ደገነ» የምንለውም ከዚሁ ከደጋን ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ መሣሪያው ሲለወጥ ግሱ ሳይለወጥ የቀረ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው። የጎጃም ደገኛ ደጋን አያውቅም፣ ደጋን የቆላ ሰው ነገር ነው ይባላል። ለጦር ሜዳ ከሆነ አባባሉ ብዙም አልተሳሳተም። የደጋው ሰው የሚታወቀው በጦርና በጋሻ፣ በጎራዴ፣ ኋላም በጠመንጃ ነው። ማሳ የሚጠብቅ ልጅም መሣሪያው ወንጭፍ ነው፤ ማማ ላይ ቆሞ ወፉንና ዝንጀሮውን በጠጠር ያባርራል። ከዚያ ቢያልፍ ከቅርንጫፍና ከሲባጎ የሚሠራት ወስፈንጥር ናት፤ እሷም ለጨዋታ።

ነገር ግን ደጋን በየመንደሩ ነበር። ያውም ሴቶች እጅ። ጥጥ ፍሬው በመዳመጫ ከወጣለት በኋላ በምን ነበር የሚነደፈው? በደጋን! የተወጠረውን አውታር ጥጡ ውስጥ አስገብቶ በጣት ነጠቅ፣ ለቀቅ ማድረግ ነው፤ ክሩ ሲንቀጠቀጥ የተጣበቀው ጥጥ እየተፍታታ ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚያ አመልማሎ፣ ከዚያ እንዝርት፣ ከዚያ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለበሳችሁት ነጠላ። አንድ ቃል ስንት ነገር እንደሚሸከም ልብ በሉ፤ ንብ ይነድፋል፣ ጥጥ ይነደፋል፣ መሐንዲሱም ሕንፃ ይነድፋል።

እንግዲህ አምበር ውስጥ እኔን ደጋን ያስተማሩኝ አዳኝ ሳይሆኑ የጥጥ ደጋን፣ ሞፈርና ቀንበር የሚጠርቡ አዛውንት ናቸው። ስማቸውን እንድጠራ አልፈቀዱም፤ «አያ» ብለን ነው የምንጠራቸው፤ እንደዚያው ይሁን። መጀመሪያ ቤታቸው ሄጄ ፍላጻ የሚወረውር ደጋን ልሠራ ነው ስላቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ልጄ፣ ለጥጡም ለሌላውም እንጨቱ አንድ ነው፤ የሚለየው ጉልበቱ ነው» አሉኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳስተምር ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኛል።

እንጨት ምርጫ ላይ ረዘም ላድርግ፣ ምክንያቱም ዘጠና በመቶው ሥራ እዚያ ያልቃል። (በመቶኛው አትያዙኝ፤ የንግግር ነው።) ባህር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር ከገባ ወዲህ ዛሬ በአምበር ዙሪያ ዘወር ስትሉ ከጤፍና ከስንዴ ማሳ ዳር የሚታያችሁ እሱ ነው። ቀጥ ያለ ነው፣ ርካሽ ነው፤ ሲደርቅ ግን ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ተማሪዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚያመጡት እሱን ነው፤ እኔም አልከለክልም፣ ይሞክሩት። አያ ግን ወይራና ለንቋጣ ይላሉ። ወይራን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከባድና ጠንካራ ነው፣ ለጭሱም ለዱላውም እንፈልገዋለን። ለንቋጣ ልጡ ለገመድ የሚሆን ቁጥቋጦ ነው፤ ለሳይንሱ ሰዎች፣ ግሪዊያ የሚባለው ወገን ነው። በደቡብ አፍሪካና በናሚቢያ ያሉት የሳን ሕዝቦች ደጋናቸውን ከዚሁ ወገን ከሆነ ቁጥቋጦ ይሠራሉ። አያ ሳን የሚባል ሕዝብ መኖሩን ሰምተው አያውቁም። ሳኖችም አምበርን። እንጨቱ ግን ሁለቱንም አንድ ቦታ አድርሷቸዋል።

ችግሩ እንጨቱ የት ይገኛል ነው። ትልልቅ የአገር ዛፎች የቀሩት በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው፤ ከዚያ ደግሞ አይቆረጥም፣ መቆረጥም የለበትም። አያ የሚቆርጡት ከገደል አፋፍና ከወንዝ ዳር የበቀለውን፣ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለውን ነው፤ ያውም ጉቶው እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ከመሬት ከፍ አድርገው። እርሳቸው ልጅ ሳሉ ከቤት ወጥተው የቡና መፍያ ያህል ጊዜ ሳይሞላ ያገኙት የነበረውን ለንቋጣ አሁን ለማግኘት ግማሽ ቀን እንሄዳለን። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

የሚቆረጠው በበጋ ነው። ጫፍና ጫፉ ቶሎ ስለሚደርቅ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ጫፍ በሰም ወይም በእበት ይለሰናል። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ ምድጃ አጠገብ ሳይሆን ከጣሪያው ሥር፣ ለወራት ይቀመጣል። ትዕግሥት የሌለው ተማሪ እሳት ላይ ያደርቀዋል፤ ውጤቱንም ወዲያው ያየዋል።

ሲጠረብ ሕጉ አንድ ነው፤ የደጋኑን ጀርባ አትንካ። ጀርባ የምለው ከወርዋሪው ፊት ወደ ውጭ የሚያየውን ጎን ነው፤ ሆዱ ወደ እናንተ ይዞራል። ደጋኑ ሲሳብ ጀርባው ይለጠጣል፣ ሆዱ ይጨመቃል። ጀርባው ላይ ያለው የእንጨት ጭረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ መቀጠል አለበት። አንድ ቦታ ላይ ምሳሩ ሸርተት ብሎ ያን ጭረት ከቆረጠው፣ ስንጥቁ ከዚያ ተነሥቶ ይሄዳል። አያ ይህን የሚገልጹት «ቆዳውን አትላጠው» ብለው ነው። እኛ ደግሞ የመለጠጥ ጭንቀት ምናምን እንላለን። ስለዚህ የሚጠረበው ከሆድ በኩል ብቻ ነው፤ መጀመሪያ በምሳር፣ ቀጥሎ በሞረድ፣ መጨረሻ ላይ በብርጭቆ ስባሪ።

አሁን ቀመሯ መጣች። የአንድ ጣውላ ግትርነት ከስፋቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ ከውፍረቱ ጋር ግን በሦስተኛ ርቢ ነው። ስፋቱን ግማሽ ብታደርጉት ጉልበቱ ግማሽ ይሆናል፤ ውፍረቱን ግማሽ ብታደርጉት አንድ ስምንተኛ ይቀራል። 20 ሚሊሜትር የነበረውን ክንፍ ወደ 18 ብትፍቁት ከሩብ በላይ ግትርነቱ ሄደ፤ ሁለት ሚሊሜትር ናት! በመላጊያ ሦስት አራት ጊዜ ማለፍ ናት። አያ መጨረሻ ላይ መላጊያውን አስቀምጠው በብርጭቆ የሚፍቁት ለዚህ ነው። ሦስተኛ ርቢን በእጃቸው ያውቁታል። እኔ ለአስረኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የማይገባቸው ነገር፣ ሁለት ሚሊሜትር ከፍቀው ሲስቡት ወዲያው ይገባቸዋል።

ማመዛዘኑ የሥራው ልብ ነው። ሁለቱ ክንፎች እኩል መታጠፍ አለባቸው። ደጋኑን ግድግዳ ላይ በተተከለ እንጨት አሳርፈን አውታሩን ወደ ታች በገመድ እንስበዋለን፤ ተማሪዎች ራቅ ብለው ቆመው ቅርጹን ያያሉ። የማይታጠፍ ቦታ ካለ እዚያ ይፋቃል፤ በጣም የሚታጠፍ ቦታ ካለ ያ ቦታ አይነካም፣ ሌላው ይፋቃል። አብዛኛው ጀማሪ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፤ እጁ ወደ ደካማው ቦታ ይሄድበታል። ርዝመቱ ከሠሪው ቁመት ጋር እኩል ቢሆን ጥሩ ነው። አጭር ደጋን ያምራል፣ ግን ይሰበራል።

አውታሩ ከቃጫ ወይም ከጅማት ይገመዳል። እኔ የመጀመሪያውን አውታር የገመድሁት እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ የጉሙዝ ልጅ የሆነ የዶርም ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። አየኝና ሳቀ። «ይህ ገመድ ፍየል ለማሰር ነው» ብሎ ፈትቶ እንደገና ገመደልኝ። በየምሽቱ ሻይ ቤት አብረን የምንወጣ ልጅ ነበር። ስለ እሱ ወዲያው እመለሳለሁ።

ስንት ጉልበት አለው? የገበያ መንጠቆ ሚዛን አውታሩ ላይ አንጠልጥለን በየአምስት ሳንቲሜትሩ እናነባለን፤ ነጥቦቹ ቀጥ ወዳለ መስመር ይጠጋሉ። 15 ኪሎ የሚስብ ደጋን 50 ሳንቲሜትር ሲሳብ፣ ከመስመሩ ሥር ያለው ስፋት ወደ 37 ጁል ይሆናል። ሁሉም ለፍላጻዋ አይደርስም፤ ክንፎቹና አውታሩ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። 20 ጁል ከደረሳት፣ 25 ግራም የምትመዝን ፍላጻ በሰከንድ 40 ሜትር ትሄዳለች። በሰዓት 144 ኪሎ ሜትር! በአምበር መንገድ ላይ ያን ያህል የሚሄድ ሚኒባስ አለ የሚል ካለ አልከራከርም። (ሳቅ) ፍጥነቷን የምንለካው ገለባ በተሞላ አምስት ኪሎ ጆንያ ነው። በሁለት ሜትር ገመድ ይንጠለጠላል፤ ፍላጻዋ ስትሰካበት ዘጠኝ ሳንቲሜትር ያህል ይወዛወዛል፤ ከዚያ በሞመንተም ወደ ኋላ ማስላት ነው። የላቦራቶሪው ወጪ አንድ ጆንያና ገለባ። ላቦራቶሪ የለንም እያላችሁ ለምታማርሩ የትምህርት ኮሌጅ ወንድሞች ነው ይህን የምናገረው።

ስለ ታሪኩ ብዙ አልልም፤ የታሪክ ሰዎች ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። የጥንት ግብፆች ኑብያን «ታ-ሴቲ»፣ የደጋን ምድር፣ ይሏት ነበር። ሄሮዶቱስ «ኢትዮጵያውያን» ያላቸው፣ ማለትም በዋናነት በዛሬዋ ሱዳን የነበሩት የኩሽ ሰዎች፣ ከዘንባባ የተሠራ ከአራት ክንድ የማያንስ ደጋን እንደነበራቸው ጽፏል። ንጉሣቸው ለፋርሱ ካምቢስ ደጋን ልኮ፣ ፋርሶች ይህን የመሰለውን በቀላሉ መሳብ ሲችሉ ይምጡ አለ ይባላል። አስፈንጥሮ መግደልም ለእኛ አገር አዲስ አይደለም፤ ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ከዝዋይ አጠገብ ከጋደሞታ የተገኙት ባለ ድንጋይ ጫፍ ተወርዋሪዎች ከ279 ሺህ ዓመት በላይ እንደሆናቸው አሳይተዋል። እነዚያ በእጅ የሚወረወሩ ናቸው፤ ደጋን እጅግ ኋላ የመጣ ነው።

ለጤና ሳይንስ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ልተውላችሁ። በምሥራቅ አፍሪካ ፍላጻ ይቀባበት የነበረው ዛፍ በአማርኛ መረንዝ የሚባለው ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኢትዮጵያ ውስጥ ዕፅዋት ይሰበስብ የነበረውን ጀርመናዊውን ሺምፐርን ያስታውሳል። በውስጡ ያለው ኡዋባይን፣ ስሙ ከሶማልኛ የተወሰደ ነው፣ የሕዋሳትን የሶዲየምና ፖታሲየም ፓምፕ ያስቆማል። ያን ፓምፕ ያገኘው ዴንማርካዊው ስኩ እ.ኤ.አ. በ1997 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል፤ ፓምፑን ለማጥናት ዋናው መሣሪያ ይኸው የፍላጻ መርዝ ነው። የእኛ ክበብ ግን መረንዝን አይነካም። ዛፉን እንኳ ከሩቅ ነው የማሳያቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ክበቡ በተመሠረተ በሁለተኛው ወር የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። አንዲት እናት ተነሡ። ወንድማቸው በመተከል ይኖር ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ቤቱን ጥሎ ከነቤተሰቡ የተፈናቀለ ነው። «መምህር፣ በዚህ ጊዜ ልጆቻችንን ደጋን የምታስተምረው ለማን ልትልካቸው ነው?» አሉኝ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

ይህን ጥያቄ እናንተም በልባችሁ እንደያዛችሁት አውቃለሁ። መተከል በእኛ የልጅነት ካርታ የጎጃም አካል ነበረች። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. እዚያ ስንት ንጹሕ ሰው እንዳለቀ፣ ከአማራው፣ ከአገው፣ ከሺናሻው፣ ከጉሙዙም፣ ታውቃላችሁ። ደጋንና ፍላጻም በዚያ ነበረበት። ለእኚያ እናት «ደጋን እንጨት ነው፣ ጥፋቱ የሰው ነው» ብሎ መመለስ ቀላል ነበር፤ እውነትም ነው፤ ግን መልስ አይሆናቸውም ነበር። ያ አውታሬን የገመደልኝ ጓደኛዬም በዚያው ዓመት ስልኩ ተዘግቷል፤ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። ይህን ለስብሰባው አልተናገርሁም። ለእናንተ ግን የምናገረው ከእናንተ መካከል የሚያውቀው ሰው ሊኖር ስለሚችል ነው። ካለ ከንግግሩ በኋላ ያግኘኝ።

ስብሰባው ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ ውሳኔው የእኔ ሳይሆን የወላጆቹ ነበር። ደጋኑ ይቀጥል፣ ፍላጻዎቹ ግን ብረት ጫፍ አይኑራቸው፤ ጫፋቸው በጨርቅ ወይም በጎማ ይጠቅለል። ቁልፉ የሚቀመጠው ከወላጅ ኮሚቴው ጋር ነው፤ የሚወረወረው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ፣ ሁለት ወላጆች ባሉበት፣ ከጀርባው የአፈር ቁልል ባለበት ቦታ። እኔ ለጆንያው መለኪያ የሾለ ጫፍ ፈልጌ ነበር፤ ሁለት ፍላጻ ብቻ ተፈቀደልኝ፣ እነሱም በቁጥር ይወጣሉ፣ በቁጥር ይገባሉ። እናቲቱ ራሳቸው ከኮሚቴው አንዷ ሆኑ። ልጆቹ ጥጥ ሲነደፍ አይተው እንደማያውቁ ሲሰሙ ደግሞ ከቤታቸው የአያታቸውን ደጋን ይዘው መጡ። አሁንም ግን ስለ ፍላጻው ያላቸው ሐሳብ አልተለወጠም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እጃቸውን አጣምረው ከኋላችን ይቆማሉ። እኔም መቆማቸውን ወድጄዋለሁ።

መወርወሩ ራሱ አጭር ነው። ጎን ለጎን ቁሙ፣ እግር በትከሻ ስፋት። አውታሩን በሦስት ጣት ይዛችሁ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ድረስ፣ ለምሳሌ እስከ አፋችሁ ጠርዝ፣ ሳቡ፤ ያ ቦታ ከተለዋወጠ ፍላጻዋም ትለዋወጣለች። መልቀቅ ማለት ጣትን መክፈት ሳይሆን መያዝን መተው ነው። በስልካችሁ በዝግታ ብትቀርጹት ፍላጻዋ ደጋኑን ስታልፍ እንደ ዓሣ ስትጥመለመል ታያላችሁ፤ ለዚህ ነው የፍላጻዋ ልስላሴና የደጋኑ ጉልበት መጣጣም ያለባቸው። የኦሎምፒክ ወርዋሪዎች ከ70 ሜትር ነው የሚወረውሩት። የእኛ ልጆች ከ15 ሜትር። ከሁሉም ጎበዟ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ወንዶቹ ጉልበት ሲያሳዩ እሷ የምትስበውን ያህል ብቻ ትስባለች።

ያዙልኝ ወዳልኋችሁ ነገር ልመለስ። ማኅበራችን ለዚህ በዓል መታሰቢያ ምን ይሠራ ብሎ ሐሳብ ጠይቋል። ሐውልት ያላችሁ አላችሁ፣ የስም ዝርዝር ያለበት እምነ በረድ ያላችሁም አላችሁ። እኔ የምጠይቀው ከግቢው አጥር ሥር ሃያ ሜትር በአምስት ሜትር መሬት ነው፤ ወይራ፣ ለንቋጣ፣ ክትክታ፣ ብሳና የሚተከልበት፤ ችግኙን ከአምበር እኛ እናመጣለን። እየተመለመለ እንጂ እየተነቀለ የማይወሰድ የሥራ እንጨት ቦታ ይሁን። አያ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሞፈር ጠራቢ ልጅ የላቸውም። የእፅዋትና የእንጨት ቴክኖሎጂ መምህራኖቻችን የሚያውቁትን እየቀዱ በጽሑፍ ሊያስቀሩላቸው ቢፈልጉ፣ ፈቃደኛ ናቸው፤ ጠይቄያቸዋለሁ። ያስቀመጡት ግዴታ አንድ ነው፦ ቪዲዮ የሚቀርጻቸው ሰው መጀመሪያ አንድ ቀን አብሯቸው ይጥረብ። ሐሳቡ ነገ በጠቅላላ ጉባኤው ስድስተኛ አጀንዳ ሆኖ ይቀርባል፤ ስድስተኛው ሲደርስ ግማሻችሁ አውቶቡስ ላይ እንዳትሆኑ።

ከአዳራሹ ውጭ፣ ከዋርካው ሥር፣ ሦስት ደጋኖች ጠረጴዛ ላይ አሉ። አንዱ የጥጥ ነው፤ እሱን ማንም ይሞክረው። ሁለቱ የተማሪዎቼ ናቸው፤ ትንሹ 10 ኪሎ፣ ትልቁ 15 ኪሎ ይስባሉ። ፍላጻ አላመጣሁም፤ ኮሚቴው አልፈቀደልኝም። ስለዚህ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡና ቀስ አድርጋችሁ መልሱ፤ ፍላጻ ሳይኖር የተለቀቀ አውታር ጉልበቱ መሄጃ ስለሚያጣ ደጋኑን ራሱን ይሰብረዋል፤ ልጆቹም ሰኞ ጠዋት ይጠይቁኛል።